የጆርጅታውን ታላቁ ተጫዋች ማነው? ዩዊንግ ወይስ አይቨርሰን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር አባት ነኝ። የ15 ዓመት ልጄ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል፤ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ደጋፊም ነው። «በጆርጅታውን ታሪክ ከአለን አይቨርሰን የሚበልጥ የለም» ይላል። በ1980ዎቹ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ከፓትሪክ ዩዊንግ ወዲያ ላሳር!» ብሎ ይሟገተዋል። እሑድ ምሳ ላይ ሌላ ወሬ ጠፍቷል። የጆርጅታውን የምንጊዜም ታላላቅ ተጫዋቾች እነማን ናቸው? አንደኛውስ ማነው?

መልስ፦ አንደኛው ፓትሪክ ዩዊንግ ነው። ታላቅ ወንድምዎ እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ልጅዎም በዋዛ የሚረታ ክርክር አልያዘም፤ ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ። ታዳጊዎችን ቅርጫት ኳስ ማሰልጠን ከጀመርኩ 18 ዓመት ሆኖኛል። ይኼ ሙግት በየዓመቱ በአዳዲስ ልጆች አፍ ይመጣብኛል፤ እኔም እስከ ዛሬ አልሰለቸሁትም።

መጀመሪያ መለኪያው ላይ እንስማማ። ልጅዎ በስልኩ ደጋግሞ የሚያየው፣ አይቨርሰን ማይክል ጆርዳንን ግራ ቀኝ አወላግዶ ያገባበት ያ ዝነኛ ቅጽበት የ1997 ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ያኔ አይቨርሰን የለበሰው የፊላደልፊያን ማሊያ ነበር፤ ከጆርጅታውን ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። አብዛኛው ክርክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ በኤንቢኤ፣ በባለሙያዎቹ ሊግ፣ የሠራውን ወደ ኋላ እየወሰድን ለኮሌጁ እናስመዘግብለታለን። ኮሌጅ ግን የራሱ ዓለም ነው። ተጫዋቹ ተማሪ ነው፤ በዚያ ዘመን ቢበዛ አራት ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይሄዳል። እኔ የምጠይቀው ይኼን ብቻ ነው፦ ልጁ ሲገባ ቤቱ ምን ይመስል ነበር? ሲወጣስ ምን አድርጎት ወጣ?

የጆርጅታውን ቤት ደግሞ ከባዶ የተነሳ ቤት ነው። በ1943 ኤንሲኤኤ ለሚባለው አገር አቀፍ የኮሌጆች ውድድር ፍጻሜ ደርሶ በዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ 46 ለ34 ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ለ32 ዓመት ወደ ውድድሩ ዝር አላለም። በ1971/72 የውድድር ዘመን 3 ጨዋታ አሸንፎ 23 ተሸነፈ። ዩኒቨርሲቲው በ1972 ጆን ቶምሰንን ሲቀጥር ሰውየው እዚያው ዋሽንግተን ተወልዶ ያደገ፣ የከተማዋን የቅዱስ አንቶኒ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን የሚያሰለጥን የ30 ዓመት ጥቁር ነበር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8። በቦስተን ሴልቲክስ ሁለት ዓመት የቢል ራስል ተቀያሪ ሆኖ ተቀምጧል፤ ሁለቱንም ዓመት ቡድኑ ዋንጫ በልቷል። ይኼን ያዙልኝ። ራስል ጨዋታን በመከላከል የሚያሸንፍ፣ የሰው ኳስ አየር ላይ የሚያስቀር ተጫዋች ነበር። ቶምሰን ከአግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ ያየውን አልረሳም። በኋላ ወደ ጆርጅታውን ያመጣቸውን ረጃጅሞች ተራ በተራ ሲያዩ ሁሉም ራስልን ፍለጋ እንደሆኑ ይገባዎታል።

ቀላል አልነበረም። በ1975 ቡድኑ በተከታታይ ሲሸነፍ ተማሪ ይሁን ሌላ፣ ቶምሰንን በቀለሙ የሚሰድብ ጽሑፍ ያለበት አንሶላ በራሳቸው ጂምናዚየም መስኮት ላይ ተሰቀለ። በዚያው የውድድር ዘመን ዴሪክ ጃክሰን የሚባል ልጅ በመጨረሻዋ ቅጽበት አግብቶ ዌስት ቨርጂኒያን 62 ለ61 አሸነፉና ከ1943 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የኤንሲኤኤን በር ከፈቱ። ጃክሰንን በታላላቆቹ ዝርዝር ውስጥ ማንም አይጠራውም። እኔ ግን ስሙን ሳልጠራ ማለፍ አልችልም፤ ያቺ ኳስ ባትገባ ቶምሰን በወንበሩ ላይ ይቆይ እንደነበር ማን ያውቃል?

ቀጥለው ክሬግ ሼልተንና ጆን ዱረን ከዋሽንግተኑ ዳንባር ትምህርት ቤት መጡ። ከሰሜን ካሮላይና፣ ጋስቶኒያ ከምትባል ከተማ ደግሞ ኤሪክ ፍሎይድ መጣ። ዐይኖቹ ሁልጊዜ እንቅልፍ የመጣበት ስለሚያስመስሉት ቅጽል ስሙ «ስሊፒ»፣ እንቅልፋሙ ማለት ነው። ልጅዎ ይኼን ስም ላያውቀው ይችላል። እባክዎ ይንገሩት።

በየካቲት 1980 ጆርጅታውን ወደ ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ሲራኪዩስ በዚያ ማንሊ በሚባል አዳራሹ 57 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል፤ የዚያ ምሽቱ ደግሞ በአሮጌው አዳራሽ የሚደረግ የስንብት ጨዋታ ስለሆነ ሕዝቡ ለድግስ ነው የመጣው። ጆርጅታውን በሰፊ ልዩነት ወደ ኋላ ቀርቶ ቆይቶ ቀስ በቀስ ደረሰበት። ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ፍሎይድ ሁለት የቅጣት ምት አገኘ። ያ ሁሉ ሰው እየጮኸበት፣ በእነዚያ በከፊል በተከደኑ ዐይኖቹ ቀለበቱን አይቶ ሁለቱንም አስገባ፤ 52 ለ50። ቶምሰን ከጨዋታው በኋላ ማይክራፎኑን ይዞ «ማንሊ አዳራሽ በይፋ ተዘግቷል» አለ። ገና በ1979 የተመሠረተው፣ ሁለቱም የሚጫወቱበት የኮሌጆች ሊግ ቢግ ኢስት ለዓመታት የኖረበት ጠላትነት የተወለደው ያን ምሽት ነው።

ፍሎይድ በአራት ዓመት 2,304 ነጥብ አስቆጠረ። እስከ ዛሬ የጆርጅታውን ክብረ ወሰን ነው። ዩዊንግ አልደረሰበትም፣ አይቨርሰንም አልደረሰበትም። ልብ ይበሉ፣ በመላው የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የሦስት ነጥብ መስመር የተሰመረው በ1986/87 ነው። ፍሎይድ ከሩቅ እየወረወረ ያገባት ኳስ ሁሉ የተቆጠረችለት ሁለት ሁለት ነጥብ ነው። የእሱን ኳሶች በዛሬው መስመር ብንቆጥራቸው ክብረ ወሰኑ የት እንደሚደርስ አስቡት።

አሁን ወደ ዩዊንግ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፓትሪክ ዩዊንግ በ1962 ኪንግስተን፣ ጃማይካ ተወለደ። እናቱ ዶሮቲ ቀድማ ወደ አሜሪካ መጥታ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ እየሠራች ቤተሰቧን አንድ በአንድ ወሰደች። ይኼን ታሪክ ለእኛ ሰው ማብራራት አያስፈልግም፤ በየቤታችን ያለ ታሪክ ነው። ልጁ ማሳቹሴትስ፣ ኬምብሪጅ ሲደርስ 12 ዓመቱ ነበር። አገሩ ሳለ የሚያውቀው ክሪኬትና እግር ኳስ ነው፤ የቅርጫት ኳስን የነካው እዚህ ከመጣ በኋላ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ግን አገሩ ሁሉ የሚሻማበት፣ 2 ሜትር ከ13 የሆነ ተጫዋች ነበር። በ1981 ጆርጅታውንን መረጠ።

በመጀመሪያ ዓመቱ ለፍጻሜ ደረሱ። ኒው ኦርሊንስ ሱፐርዶም፣ መጋቢት 29 ቀን 1982፣ ከ61 ሺህ በላይ ተመልካች፣ ተጋጣሚው ሰሜን ካሮላይና። ዩዊንግ የሚወረወረውን ኳስ ሁሉ እየዘለለ ያራግፈው ጀመር። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ኳሱ ወደ ቀለበቱ ቁልቁል መውረድ ከጀመረ በኋላ ተከላካይ ከነካው እንደገባ ይቆጠራል። የካሮላይና የመጀመሪያ 8 ነጥቦች በሙሉ የተገኙት በዚህ መንገድ ነው፤ አንዲት ኳስ እንኳ በመረቡ ውስጥ ሳታልፍ። ብዙ ሰው ይኼን የልጅ ጥፋት አድርጎ ያወራዋል። ዩዊንግ ግን እያንዳንዱን ኳስ ሊመልስ እንደመጣ ለዚያ ሁሉ ሰው እያሳወቀ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ቀለበቱ የሚገባ ሰው ቀና ብሎ ሳያይ አልገባም። በዚያ ምሽት 23 ነጥብና 11 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) ይዞ ወጣ፤ የ19 ዓመት ልጅ ነበር።

መጨረሻዋን ለማሰለጥናቸው ልጆች ሁልጊዜ አሳያለሁ። ፍሎይድ አግብቶ ጆርጅታውን 62 ለ61 መራ። ከዚያ ያኔ ማንም በቅጡ የማያውቀው ማይክል ጆርዳን የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከግራ በኩል ዘሎ ወረወረና አገባ፤ 63 ለ62። ወደ 15 ሰከንድ ቀርቷል። ፍሬድ ብራውን ኳሷን ይዞ መጣ፣ ፊት ለፊት የሚሰጠው አጣ፣ በቀኝ በኩል የሰው ጥላ ታየውና አቀበለ። ጥላው የካሮላይናው ጄምስ ወርዚ ነበር። እዚህ ላይ ምስሉን አቆምና ልጆቹን «ብራውን የት እያየ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ በወርዚ ላይ ያፈጥጣሉ፤ መልሱ ያለው በብራውን አገጭ ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ መሐል፣ እጁ ወደ ጎን። ያላዩትን ሰው ማቀበል ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም። ወርዚና ፍሎይድ ደግሞ የአንድ ከተማ፣ የጋስቶኒያ ልጆች ናቸው። የፍሎይድ የአራት ዓመት ልፋት በአገሩ ልጅ እጅ ላይ አለቀ።

ቶምሰን ብራውንን አልተቆጣውም። አቀፈው፤ ያ ፎቶ እስከ ዛሬ አለ።

ፍሎይድ በዚያ ጨዋታ ተመረቀ፤ ቤቱ በዩዊንግ ትከሻ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት የጆርጅታውንን አጨዋወት ማወቅ ያስፈልጋል። ቡድኑ ተጋጣሚውን በሙሉ ሜዳ ያፍን ነበር፤ ኳስ ከመስመር ከገባች ጀምሮ ሁለት ሰው በአንድ ሰው ላይ። እንዲህ ያለው አፈና አደገኛ ነው፤ ተጋጣሚ አንዴ ከሾለከ ከኋላ ያለው ሜዳ ባዶ ነው። በጆርጅታውን ግን ባዶ አልነበረም፤ ዩዊንግ ነበር። አጫጭሮቹ ያለ ፍርሃት የሚወራረዱት የሳቱትን የሚያርምላቸው ሰው ከኋላ ስላለ ነው። የእሱ ታላቅነት ካስቆጠረው ነጥብ ይልቅ በሌሎቹ አራት ተጫዋቾች ድፍረት ውስጥ ይታያል።

ማስረጃ ከፈለጉ የ1984ቱን ግማሽ ፍጻሜ ይመልከቱ። ኬንታኪ ሁለት ግዙፋን፣ ሳም ቦዊንና ሜልቪን ተርፒንን ይዞ እየመራ ለእረፍት ወጣ። ከእረፍት መልስ 33 ጊዜ ወርውሮ ያገባው 3 ብቻ ነው። ሠላሳ ሦስት ወርውሮ ሦስት! 53 ለ40 ተሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ሲያትል ላይ ሀኪም ኦላጁዋን ያለበትን ሂውስተንን 84 ለ75 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ዩዊንግ በፍጻሜው ያስቆጠረው 10 ነጥብ ነው። ሬጂ ዊልያምስ 19፣ ዴቪድ ዊንጌት 16፣ ማይክል ግራሃም 14 አገቡ። የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው ግን ዩዊንግ ነው፤ ትክክልም ነበር። ቶምሰን ያን ምሽት የኤንሲኤኤን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆነ። ጨዋታው ሲያልቅ ማንን እንዳቀፈ ያውቃሉ? ፍሬድ ብራውንን። አራተኛ ዓመቱ ላይ ነበር።

በ1985 ለሦስተኛ ጊዜ ለፍጻሜ ደረሱ። በዚያ የውድድር ዘመን ሁለቴ ያሸነፉት ቪላኖቫ ከ28 ውርወራ 22 አስገብቶ 66 ለ64 ረታቸው። በአገር አቀፍ ደረጃ የውርወራ ሰዓት፣ ማለትም ኳስ የያዘ ቡድን እስኪወረውር የሚሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ገና አልተጀመረም ነበርና ቪላኖቫ ኳሷን እንደፈለገ እያቆየ ጥሩ ዕድል ሲያገኝ ብቻ ነው የወረወረው። ያን ጨዋታ የትኛውም ቡድን ሊያሸንፈው የሚችል አይመስለኝም። ዩዊንግ አራት ዓመት ተጫውቶ፣ ቡድኑ 121 አሸንፎ 23 ብቻ ተሸንፎ፣ 2,184 ነጥብ፣ 1,316 ሪባውንድና 493 ብሎክ (የተጋጣሚን ውርወራ አየር ላይ ማስቀረት) አስመዝግቦ ወጣ። በሪባውንድና በብሎክ እስከ ዛሬ በጆርጅታውን የደረሰበት የለም።

ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ግን ልጅዎ ይስማው። በተቃራኒ ሜዳዎች ላይ ተመልካቾች ዩዊንግ ማንበብ አይችልም የሚል ጽሑፍ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ሙዝ የወረወረበትም አለ። ስደተኛ፣ ጥቁር፣ ገና 20 ዓመቱ። በ1983 እናቱ ዶሮቲ አረፈች። ዲግሪውን እንደሚጨርስ ቃል ገብቶላት ነበርና በሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ እየጠበቀው ኮሌጁን ጥሎ አልወጣም። በ1985 በሥነ ጥበብ ተመረቀ። «ማንበብ አይችልም» የተባለው ልጅ ማለት ነው።

በኋላ በ2017 ተመልሶ የጆርጅታውን አሰልጣኝ መሆኑ፣ በ2021 የቢግ ኢስትን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ቢያነሳም በማግስቱ ዓመት በሊጉ 19 ጨዋታ ተጫውቶ 19ኙንም መሸነፉ፣ በ2023ም መሰናበቱ የታወቀ ነው። ልብ ያማል። የተጫዋችነት ሚዛኑ ላይ ግን አላስቀምጠውም።

ከ1984ቱ ቡድን የባልቲሞሩን ሬጂ ዊልያምስን ነጥዬ ማንሳት አለብኝ። ዩዊንግ ሲሄድ ሁሉም ቤቱ ፈረሰ ብሎ ነበር። ዊልያምስ በመጨረሻ ዓመቱ፣ በ1987፣ በአማካይ ከ23 ነጥብ በላይ እያስቆጠረ ስም የሌላቸውን ልጆች ይዞ እስከ መጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች ደረሰ። ሲመረቅ 2,117 ነጥብ ነበረው። ከሚገባው በታች የሚወሳ ተጫዋች ነው።

በ1988 ደግሞ ቤቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ምሰሶ አገኘ። አሎንዞ ሞርኒንግ ከቨርጂኒያ፣ ዲኬምቤ ሙቶምቦ ከኪንሻሳ። ሞርኒንግ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ 169 ብሎክ አድርጎ ከአገሩ አንደኛ ሆነ። በመጋቢት 1989 ጆርጅታውን ከምድቡ አንደኛ ሆኖ ከመጨረሻው፣ ከ16ኛው ፕሪንስተን ጋር ገጠመና የዓለም መሳቂያ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር፤ 50 ለ49 እየመራ ኳሷ በፕሪንስተን እጅ ነበረች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ውርወራዎች ሞርኒንግ አየር ላይ አስቀራቸው። በ1992 ሲመረቅ 2,001 ነጥብ፣ ከ1,000 በላይ ሪባውንድና 453 ብሎክ ነበረው፤ በዚያው ዓመት የቢግ ኢስት ምርጥ ተጫዋችም ምርጥ ተከላካይም እሱ ነበር። በኋላ ኩላሊት ተቀይሮለት ተመልሶ በ2006 ከማያሚ ጋር የኤንቢኤ ዋንጫ ማንሳቱ ሌላ ታሪክ ነው።

ስለ ሞርኒንግ ሌላም የሚባል አለ። በዚያ ዘመን ዋሽንግተንን ያጥለቀለቃት የዕፅ ንግድ ዋናው ሰው፣ ሬይፉል ኤድመንድ፣ ከጆርጅታውን ተጫዋቾች ጋር መታየት ጀመረ፤ ከነሱ አንዱ ሞርኒንግ ነበር። ቶምሰን ፖሊስ አልጠራም። ሰውየውን ቢሮው አስጠርቶ ከልጆቼ ራስ ውረድ አለው። ወረደም። ታላቅ ወንድምዎ የዚያን ጊዜውን ዋሽንግተን ስለሚያውቁት ይኼ ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ ለልጅዎ ያስረዱታል።

ሙቶምቦን በቅርጫት ኳስ ሚዛን ብቻ ብንመዝነው ከሞርኒንግ በታች ነው። የተጫወተው ሦስት ዓመት ነው፤ ነጥብ ማስቆጠርም ዘግይቶ ነው የተማረው። አፍሪካዊ ነኝና አዳላሁ አትበሉኝ፣ እኔ ግን ከዝርዝሩ ልተወው አልችልም። በ1987 የመጣው ሐኪም ሊሆን፣ በነፃ የትምህርት ዕድል ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ኳስ ሳይነካ እንግሊዝኛ ሲማር አሳለፈ። በ1989 ከሴንት ጆንስ ጋር በአንድ ጨዋታ 12 ብሎክ አደረገ፤ ተማሪዎቹ ብሎክ ባደረገ ቁጥር አንድ የእጅ መዳፍ ምስል ከመቀመጫቸው ላይ ይሰቅሉ ነበር። በ1991 በሥነ ልሳንና በዲፕሎማሲ ተመረቀ። ሐኪም አልሆነም፤ ነገር ግን ኪንሻሳ ላይ በእናቱ ስም ባለ 300 አልጋ ሆስፒታል ሠራ፤ በ2007 ሥራ ጀመረ። በመስከረም 2024 በ58 ዓመቱ አረፈ። ነፍሱን ይማር።

እንግዲህ ወደ ልጅዎ ጀግና።

አለን አይቨርሰን ከሀምፕተን፣ ቨርጂኒያ ነው። በ17 ዓመቱ ቦውሊንግ ቤት ውስጥ በተነሳ ጠብ ተከሶ ተፈረደበት፤ አራት ወር ታስሮ በቨርጂኒያው ገዢ በዳግላስ ዋይልደር ምሕረት ወጣ፤ ፍርዱም በኋላ በ1995 ተሻረ። ሲታሰር ሲያሳድዱት የነበሩ ኮሌጆች ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ። እናቱ ቶምሰን ዘንድ ሄዳ ልጄን ተቀበልልኝ ብላ ለመነችው። ተቀበለው። አይቨርሰን በ2016 ወደ ቅርጫት ኳስ ዝነኞች አዳራሽ ሲገባ ቶምሰንን ሕይወቴን አትርፈህልኛል ብሎ ነው ያመሰገነው።

ሜዳ ላይ የነበረውን ለመናገር ቃል ያጥራል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ83 ይባላል። በሁለተኛ ዓመቱ በአማካይ 25 ነጥብ እያስቆጠረ በአንድ የውድድር ዘመን 926 ነጥብ አገባ፤ ከዚያ በፊት በጆርጅታውን ማንም ያላደረገው ነው። በሁለቱም ዓመት የቢግ ኢስት ምርጥ ተከላካይ ተብሏል፤ ይኼን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቶምሰን ለ20 ዓመት በረጃጅሞች ዙሪያ የገነባውን አጨዋወት ለዚህ አጭር ልጅ ሲል ለቀቅ አደረገው። ጥያቄው «የጆርጅታውንን ማሊያ ከለበሱት ሁሉ በተፈጥሮ ችሎታ የሚበልጥ ማነው?» ቢሆን ኖሮ ያለ ማወላወል አይቨርሰን እል ነበር። ልጅዎ የመለሰው ይኼን ጥያቄ ነው።

ነገር ግን ሁለት ዓመት ነው፤ 67 ጨዋታ። በ1996 እስከ መጨረሻዎቹ ስምንት ደርሰው በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በሰፊው ተሸነፉ። እህቱ ታማ ነበር፣ ቤተሰቡም ተቸግሮ ነበር፤ ወደ ኤንቢኤ ሄደ። በቶምሰን ዘመን ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ኤንቢኤ የሄደ የመጀመሪያው ተጫዋች ነው። እኔ በዚህ አልፈርድበትም፤ እናቱና እህቱ እንደዚያ ሆነው ማን ይቀመጣል? ግን ለጆርጅታውን ዋንጫ አላመጣም፣ የኤንሲኤኤን የፍጻሜ ሜዳም አልረገጠም። በገባበት ጊዜም ቤቱ ታላቅ ቤት ነበር፤ ፍሎይድና ዩዊንግ ሠርተውት ነበርና።

ከቶምሰን በኋላ ካሉት አንድ ሰው ብቻ ልጨምር። ጄፍ ግሪን፣ የዚሁ የሜሪላንድ ልጅ። በ2007 የቢግ ኢስት ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ በኤንሲኤኤም ቫንደርቢልትን በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች በሁለት ተከላካዮች መሐል ተጠማዝዞ ባገባት ኳስ 66 ለ65 አሸነፈ። በሚቀጥለው ጨዋታ ሰሜን ካሮላይናን በተጨማሪ ሰዓት 96 ለ84 ረትተው ለመጨረሻዎቹ አራት ደረሱ። አሰልጣኙ የቶምሰን ልጅ ነበር፤ ከተጫዋቾቹም አንዱ የዩዊንግ ልጅ። ለ1982 ፍጻሜ 25 ዓመት የዘገየ ካሳ ነው ያሉ ነበሩ። ረጅሙ ሮይ ሂበርት፣ በኋላም በ2013 ሲራኪዩስ ሜዳ ላይ ከ35 ሺህ ሰው ፊት ለብቻው 33 ነጥብ ያስቆጠረው ኦቶ ፖርተር ጥሩዎች ናቸው፤ ከላይ ካሉት ጋር ግን አይሰለፉም።

ቁርጡን ልናገር፦ ዩዊንግ አንደኛ፣ ፍሎይድ ሁለተኛ። ሦስተኛው ላይ ሞርኒንግንና አይቨርሰንን ብዙ ጊዜ አገላብጫቸዋለሁ፤ ዛሬ ብትጠይቁኝ ስለ አራት ዓመቱ ስል ሞርኒንግን አስቀድማለሁ፣ አይቨርሰን አራተኛ። ዊልያምስ አምስተኛ፣ ከዚያ ሙቶምቦ፣ ከዚያ ግሪን። ፍሎይድን ከአይቨርሰን በላይ በማድረጌ ልጅዎ ቢቆጣ አልፈርድበትም፤ 2,304 የምትለዋን ቁጥርና የማንሊን ምሽት ይንገሩትና ይመልስ።

የሚቀጥለው እሑድ ከምሳ በኋላ የ1982ቱን ፍጻሜና የ1984ቱን የኬንታኪ ጨዋታ ሁለተኛ አጋማሽ ሦስታችሁም አብራችሁ ተመልከቱ፤ ሁለቱም ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ ይገኛሉ። ልጅዎን ኳሷን አትከተል ይበሉት። የዩዊንግን እግሮች ይከተል። ኬንታኪዎች ኳሷን ወደ ቀኝ ሲያዞሯት እሷ ሳትደርስ እሱ ሁለት እርምጃ ቀድሟት ይጠብቃል። እጁ ከፍ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።